ውሃው የሚደክምበት ድንጋይ

መጀመሪያ የቦዩ መዝጊያ ብረት ያቃስታል። ቀጥሎ ከሥሩ የተጨመቀው ውሃ ጩኸት ይመጣል። ዐይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ዱዓ ላይ ነህ ወይስ ተኛህ?» ይላል አብዲቃድር ከላይ ሆኖ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ የቦዩን መዝጊያ ከእሱ ሌላ ማንም አይከፍትም።

ዐይኔን እገልጣለሁ። ውሃው የሲሚንቶውን ወለል ተንሸራቶ ትናንት የደረደርኳቸው ድንጋዮች ላይ ይፈጠፈጣል፤ ነጭ ሆኗል።

በየዓመቱ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ሰው ሁሉ ወጥቶ ከቦዩ ድንጋይ ይለቅማል። መንገድ ማጽዳት ነው የሚባለው። መንገዱ የጸዳለት ውሃ ግን ጉልበቱን የሚጥልበት ያጣና ይዞት ይወርዳል፤ የአክስቴን የዳሃቦን ማሳ ዳር ይበላል። ሦስት የብርቱካን ዛፍ ወስዶባታል። የአራተኛው ሥር ቦዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዛሬ ዳሩ ከተናደ እሱም ይሄዳል።

አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሥራ ፈት ይሉኛል። ውሃ ምን ላይ እንደሚደክም ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ድንጋዩን መለስኩት፤ በሦስት ረድፍ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ክፍተት እየደፈነ። ዳሃቦ «በኔ ተራ ሞክረው» አለችኝ።

«አባቶቻችን ድንጋይ ያወጡ የነበረው አቅል አጥተው ነው?» ይላል አብዲቃድር።

«አቦ ተወን! አባቶቻችን መቼ ሲሚንቶ ነበራቸው?» ትለዋለች ዳሃቦ። «የነሱ ውሃ አፈር ላይ በእግሩ ነው የሚሄደው። ያንተ ባጃጅ ተሳፍሮ ነው የሚመጣብኝ።»

«ቆይ፣ ገና ግማሹን ነው የከፈትኩት።»

የመዝጊያውን እጀታ ሁለት ዙር ጨምሮ ያዞራል። ጩኸቱ ይወፍራል። ውሃው ይዘላል፣ ተጠምዝዞ በራሱ ላይ ይወድቃል። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ ይነቀላል።

«ይኸው!» አብዲቃድር ያጨበጭባል።

አልደነግጥም። ድንጋዩ ይንከባለልና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ውሃው ጭነቱን እንዳራገፈ ግመል ነው። ደረቅ ቅጠል እጥልበታለሁ። ቅጠሉ አረፋው ውስጥ ሁለቴ ይዞርና ይወጣል፤ አብሬው በዳሩ እሄዳለሁ፣ እርምጃዬን ማፍጠን ሳያስፈልገኝ።

ዳሃቦ በባዶ እግሯ አራተኛው ብርቱካን ሥር ቆማለች። አምና ውሃ ሲለቀቅ እዚያ ላይ መሬቱ ይርድ ነበር።

«ኤዶ፣ ይንቀጠቀጣል?» እላታለሁ አክስቴን።

ተረከዟን አፈሩ ላይ ጠበቅ ታደርጋለች። «ዝም ብሏል» ትላለች። «ወላሂ፣ ዝም ብሏል።»

አብዲቃድር ይወርዳል። ከታይዋን ገበያ የገዛውን ነጠላ ጫማ አውልቆ፣ ሽርጡን ሰብስቦ፣ ከድንጋዮቹ በታች ቦዩ ውስጥ ይገባል። አምና እዚያ ቦታ ውሃው በግ ወስዷል። ውሃው ጉልበቱ ጋ ይደርስና ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል። እጁን ይነክራል። ቀና ብሎ የድንጋዩን ረድፎች ይቆጥራል። ስድቡን እጠብቃለሁ።

ይወጣል። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ መዝጊያውን እንደተከፈተ ትቶ፣ በዳሩ ወደ ከተማው መሄድ ይጀምራል።

«አብዲቃድር! ወዴት ነው? ተራዬ ገና አላለቀም እኮ!» ትላለች ዳሃቦ።

«ድንጋይ የለቀሙት ሁሉ መጥተው ይዩት!» ይላል ዞር ሳይል። ትኩሱ አቧራ ላይ እርጥብ ዱካው ከኋላው አንድ በአንድ ይደርቃል።