የጋሼ ነጭ ጀልባ

የሰዓት ሠሪው እጅ ለጥቃቅን ነገር የተፈጠረ ነው። የትንኝ እግር የምታህል ብሎን ሳይጥል ቦታዋ ያስገባል። ከሰዓት የገዘፈ ነገር ሲይዝ ግን ጉድ ይፈላል። ዓምና የሚስቱን ታላቅ ወንድም መኪና ለአንድ ቀን ተውሶ በሩን አጨራምቶ መልሷል።

ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው እኚህ የሚስቱ ወንድም ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው። ላጤ ናቸው፤ ጨው እንኳ ቆልፈው የሚያስቀምጡ። ስለ መኪናው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ባልና ሚስቱ ጋሼ ቤት በሄዱ ቁጥር ግን በሩን እየከፈቱ፣ በታክሲ ነው የመጣችሁት? ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ሰዓት ሠሪው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጣል።

ስለዚህ ሚስቱ የጋሼን የሞተር ጀልባ ለእረፍት ቀናቸው ለምና ስታመጣ ደስም አለው፣ ፈራም።

"በእኔ ይሁን ብዬዋለሁ፣" አለችው። "ዘንድሮ አታዋርደኝ።"

ሰዓት ሠሪው በልቡ ማለ። ጀልባዋን አንዲት ጭረት ሳይነካት መልሶ በጋሼ ዓይን ሰው ይሆናል።

ጋሼ ቁልፉን በዋዜማው ሰጧቸው። ጀልባዋ ነጭ ናት፣ ሰማያዊ መስመር አላት፣ የምትቆመው ወንዙ ዳር ካለው የጀልባ ማቆሚያ ጫፍ ላይ ነው፤ ጠዋት መጥቼ ሁሉን ነገር ሳላሳያችሁ ግን ንቅንቅ እንዳትሉ አሉ። የጋሼ ማሳየት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባልና ሚስቱ ተጠቃቀሱና ገና ሳይነጋጋ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ሁለቱም ያውቁታል፤ ያን ጠዋት ግን ትዝ አላላቸውም።

ወንዙ ላይ ጉም ተኝቷል። የማቆሚያው ዘበኛ ዳሱ ውስጥ ያንኮራፋል። ነጯን ጀልባ ጫፉ ላይ አገኟት። ቁልፉ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ሰዓት ሠሪው በባለሙያ ጣቱ ነቅነቅ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሣ። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሲመክሩት እንዳይውሉ ስልኩን አጠፋው። የሚስቱ ስልክ ቤት ቀርቷል።

ጉሙ ሲገለጥ ወንዙ ለእነሱ ብቻ የተዘረጋ መሰለ። ዳክዬዎቹ መንገድ እየለቀቁ ያሳልፏቸዋል። ሰዓት ሠሪው መሪውን ይዞ ያፏጫል፤ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም። ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ወደ ጀልባዋ ክፍል ስትል በሩ ሳይቆለፍ ቆይቷት ገረማት። ስትመለስ በእጇ የያዘችው ሻይ ሳይሆን ቀይ የሐር ሻርፕ ነበር።

"ጋሼ ሴት አለችው፣" አለች።

ሊፕስቲክ የነካው ብርጭቆም አግኝታለች፤ ማበጠሪያም፣ ትንሽዬ የሴት ነጠላ ጫማም። ዕድሜ ልካቸውን የእኅታቸውን ቀሚስ ርዝመት ሲቆጣጠሩ የኖሩት ጋሼ! ባልና ሚስቱ በሳቅ ፈረሱ። ነፋሱ ሲበረታ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።

ሰዉም ጥርጣሬያቸውን አጸናላቸው። ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ ጀልባዋን ከሩቅ አይቶ እጁን አወዛወዘ፤ ሲቀርቡ እጁን አወረደና አፈጠጠባቸው። ጀልባዎች ወደ ታችኛው ቦይ በሚወርዱበት የውሃ በር ላይ ደግሞ በረኛዋ፣ እመቤቲቱ ዛሬ የሉም እንዴ? ብላ ጠየቀች። ሚስቱ ሳቋን ውጣ፣ የሉም አለች።

ሰዓት ሠሪው ስለ እመቤቲቱ አንድ ቀልድ ሹክ ሊላት ዘወር አለ። የጀልባዋ ጎን ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ጥርስ የሚያም ድምፅ ወጣ። ክንድ የሚያህል ጭረት። ዳር ላይ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ብድግ ብለው አዩ። ፊቱ ፍም መሰለ። ሚስቱ ብትቆጣው በወደደ፤ እሷ ግን ፊቷን አዞረች።

በመልሱ ጉዞ መሪውን ለእሷ ትቶ፣ አጎንብሶ ጭረቱን ሲፈትግ ቆየ። በመሐረቡም፣ በሳሙናም፣ በምራቁም ሞከረ። አልለቅ አለው። ያኔ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣለት። ጋሼ አንድ ቃል ቢናገሩት የባለሻርፗን ነገር ያነሣባቸዋል።

"እንዳታደርገው፣" አለች ሚስቱ። "በሰው ነውር የራስህን ልትሸፍን ነው?"

በሐሳቡ አፈረ። ግን አልተወውም።

ሲደርሱ ጋሼ ማቆሚያው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አጠገባቸው ዘንጣ የለበሰች፣ ፊቷ የተቆጣ ሴት አለች፤ ከኋላ ዘበኛው። ሚስቱ፣ እሷ ናት፣ ብላ ሹክ አለችው። የሴትዮዋ ዓይን ሻርፑ ላይ ተተክሏል። ሚስቱ በጥድፊያ ልትፈታው ሞከረች፤ ቋጠሮው እምቢ አላት።

ጋሼ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰዓት ሠሪው ቀደማቸው።

"ጋሼ፣ ጀልባዎን ጭሬያታለሁ። አጥፍቻለሁ፤ አስጠግናለሁ። በሰው ፊት ብቻ አያዋርዱኝ። እኛም የእርስዎንና የእመቤቲቱን ነገር ለማንም አንናገርም።"

ሴትዮዋ ወደ ጋሼ ዞረች። ዘበኛው መሬት መሬት አየ። ጋሼ ጭረቱን አዩ፣ ከዚያ የእኅታቸውን አንገት፣ ከዚያ ሰዓት ሠሪውን። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ ጀልባዬ ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኋችሁ ነው።"