የማንጠግቦሽ ሰማንያ ቀን

ማንጠግቦሽ ገና ኮርቻው ላይ ከመውጣቷ የበቅሎ አከራዩ የአሻግሬ በቅሎ እጥፍ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። የደባርቅ ገበያተኛ ሁሉ አየ። ቅዳሜ የተጀመረው ሳቅ እስከ ማክሰኞ አልበረደም።

ማንጠግቦሽ ግን ቅርቃር ውስጥ ገባች። ልጇ ስጦታ ከተራራው አናት፣ ጊች ላይ፣ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ! ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው። ዳገቱን በእግሯ አትችለውም፤ በቅሎዋም እንቢ አለች። ክርስትና እናት የምትሆነው የልብ ጓደኛዋ ወርቄ፣ ያቺ ሹሩባ ሠሪዋ፣ ቀጭን ናት፤ በእግሯ ትወጣዋለች። ይኸም ያናድዳል።

በቀበሌው የእህል ሚዛን ላይ ብትቆም ከኩንታል ጤፍ የጎደለችው አራት ኪሎ ብቻ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጓድ ደምለው የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ኪኒን ሰጣት።

«ጠዋት ጠዋት ዋጪ። ድካም ድካም ይልሻል፤ አትደንግጪ» አላት።

አሻግሬም ምክር አላጣም። «በቅሎዋ ካልለመደችሽ ብትከሺም ዋጋ የለው። ቀን ቀን አንቺ ግቢ ትዋል።»

ኪኒኑ ሠራ። ማንጠግቦሽ ሦስት ጉርሻ ጎርሳ በቃኝ ትላለች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል፤ መድፍ ቢተኮስ አትነቃም። በቅሎዋ አጠገቧ ታስራ ጭድ ትበላለች። ደግሞ ወደደቻት! ጠዋት ገና ከበር ስታያት ታሽካካለች።

በሠላሳኛው ቀን ቀሚሷ ሰፋ። በአርባኛው ፀጉሯ ሳሳ።

«ኪኒንሽ ነው! ተይው!» አለች ወርቄ።

«ትቼ? ከዚሁ ልቅር?»

«ራስሽን የተላጨሽ መስለሽ ክርስትና ልትገቢ ነው? ሰው ማን ሞተባት ነው የሚል!»

እውነቷን ነው። በዚያ አገር ፀጉር የሌላት ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ ለሕፃን ክርስትና እንዲያ ሆኖ መምጣት ሟርት ነው። የስጦታ አማት ከደጅ ነበር የምትመልሳት።

ወርቄ እጅጌዋን ሰበሰበች። ተልባ ቀቀለች፤ ፀጉር ያጠነክራል ብላ ጨው ጣል አደረገችበት፤ በየቀኑ ጠዋት ራሷን ለቀለቀቻት። አጥብቄ ከሠራሁት ይነቀላል ብላም ሹሩባውን ልል ልል አድርጋ ጎነጎነችው። ጉድ ነው! በቀቡት ቁጥር ባሰበት።

ማንጠግቦሽ ወደ ደምለው ሮጠች። መሮጥ ጀምራ ነበር።

ደምለው መነጽሩን አድርጎ ራሷን አገላበጠ። «ይኸ ከሥሩ አልተነቀለም፤ ተቆርጧል። ኪኒን ደግሞ መቀስ አይዝም።»

ራሷን የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ለዊግ የሚሆን ፀጉር የሚገዛ ነጋዴ ጎንደር ገብቷል ይባል ነበር።

«ፀጉሬን ሸጥሽው!» አለች ማንጠግቦሽ በሰው ፊት።

«እኔ? ሃያ ዓመት ራስሽን ጭኔ ላይ አድርጌ የሠራሁ?»

ወርቄ እያለቀሰች ወጣች። ማንጠግቦሽም በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ከፀጉሩ ይልቅ ወርቄ አንገበገበቻት።

በሰባ ስምንተኛው ቀን በቅሎዋ ማንጠግቦሽን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። አሻግሬ፣ ወንዱ ሰውዬ፣ እልል አለ! ማንጠግቦሽ ከግንባሯ በላይ የቀሩላትን አምስት ጉንጉኖች ራሷ በተልባና በጨው አሸች፤ አንዱ ላይ የእናቷን የብር ወለባ ሰካች፤ ሻሿን አሰረች። ወርቄም ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ክርስትና እናትነት በኩርፊያ አይቀርም።

መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ አረፉ። አሻግሬ በቅሎዋን ከማንጠግቦሽ አጠገብ አስሮ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ፀሐዩ ከረር ሲል ማንጠግቦሽ ሻሿን ፈታች፤ ድንጋይ ተደገፈች፤ ወዲያው አንኮራፋች።

ስትነቃ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። አራት ጉንጉን ብቻ!

«ወርቄ! ዛሬም? ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው? የእናቴን ወለባ ጭምር?»

ወርቄ ከገደሉ ጫፍ፣ ሃምሳ እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ዞር ብላ ባዶ እጆቿን ዘረጋች።

አሻግሬ ውሃውን ይዞ ብቅ ሲል በቅሎዋ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታላምጣለች፤ ወለባው ከከንፈሯ ተንጠልጥሏል።