የላላው ማጠፊያ

በር ሠሪው በተሰባበረው ክርኑ ምትክ የሚገባለትን ብረት ናሙና በደህናው እጁ ይዞ ግራና ቀኝ ወዘወዘው። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ላልቷል! እንዲህ ያለ ማጠፊያ እኔ ለዶሮ ቤት እንኳ አልገጥምም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እረፍ!» አለች፣ ከተጎዳ ወዲህ የምታጎርሰው ሚስቱ።

«ሆን ተብሎ ነው» አለ ሐኪሙ። «ድርቅ ያለ ቢሆን ከአጥንትዎ ይነቀላል።»

ሆን ተብሎ ነው! ይህንን ሰበብ እሱ ራሱ ለስንት ደንበኛ ነግሯል። ዐይን ዐይኑን እያየ፣ «መዶሻዬንስ አነሳለሁ?» ሲል አፋጠጠው።

«ማንኪያ ያነሳሉ። መዶሻ ግን ከእንግዲህ አይነኩም።»

ሚስቱ አንገቷን ደፋች። በር ሠሪው ግን ሐኪሙን ገና ያን ጊዜ አመነው፤ የተበላሸ ዕቃ የሚያሻሽጥ ሰው እንዲህ አይናገርም። «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለ።