የረቡዕ ታማሚዎች

ወጣቱ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በስደተኞች መጠለያው ዳር በተተከለች ድንኳን ውስጥ በበጎ ፈቃድ ቁስል ሲያጥብና ወለምታ ሲያሽ ኖረ። ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው። «ምን ይዞህ ነው እዚህ የቀረኸው?» ሲሉት፣ «እኔ ከሄድኩ እነሱ ማን አላቸው?» ይላል፤ ከልቡ ነው። በሽተኛ የጠፋ ቀን ምሳ እንኳ አይወርድለትም።

ከዓመት ወዲህ ደግሞ ሊያስደንቃቸው ብሎ ቋንቋቸውን በድብቅ ሲያጠና ከርሟል። ዛሬ ረቡዕ በገዛ ቋንቋቸው «እንዴት አደራችሁ» ሊላቸው ማልዶ መጣና ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ ሰላምታውን ይለማመድ ጀመር።

ከፊት ለፊት ሰልፈኛው ቆሟል፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ በቋንቋቸው ስም ይጠራል።

«ቱት፣ ወለምታ። ባለፈው ያነከስከው በግራህ ነው፤ እንዳትሳሳት። ኛቦል፣ ራስ ምታት።»

«እኔ ባለፈው ሳምንትም ታምሜያለሁ» አለች ኛቦል። «ዛሬ የመታመም ተራው የእህቴ ነው።»

«እህትሽ ልብስ እያጠበች ነው። አንድ ቀን ደርበሽ ብትታመሚላት ምን አለበት? ያን ጊዜ በሽተኛ ቢጠፋ ይሄ አካሚያችን ልጅ እህል ሳይቀምስ ዋለ እኮ። ከእኛ ሌላ ማን አለው?»

ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው አቃሰቱ።

«እኔን ግን የምር ነው የሚቆርጠኝ፤ እባካችሁ አስቀድሙኝ።»

ጸሐፊው ተቆጣ።

«የምር ከሆነማ እዚህ ምን ይሠራሉ፣ አባቴ? ጤና ጣቢያ ይሂዱ እንጂ።»