ካገኘሻት ንገሪያት

«እናቴን የት አደረግሻት?»

ምንያህል በሩን በጀርባው ደግፎ ቆሟል። እታለም የገንፎውን ሳህን እንደያዘች ባለችበት ቀረች። ከእጇ ምግብ ካልቀመሰ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። መልኳም፣ ድምጿም፣ የለበሰችው ቀሚስም የእናቱ እንደሆነ አይክድም፤ ለእሱ ግን ሴትየዋ ሌላ ናት። እናቱን ወስደው በቦታዋ ያስቀመጧት ናት።

ሕመሙ የጀመረው መንጌ በምትባለው ከተማ የሒሳብ መምህር ሳለ ነው። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ከባዶው ክፍል ስሙን እየጠሩ የሚሰድቡት ድምፆች ይሰማው ጀመር። አሶሳ ወስደውት መድኃኒት ተጀመረለት፤ ተሻለው፤ ወደ ጠመኔው ተመለሰ። ከሦስት ወር በፊት ግን ከመድኃኒቱ የተነሳ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ሲያቅተው ኪኒኑን ተወው። ለማንም አልተናገረም።

ደጅ ጎረቤታቸው ኪዳኔ ሦስት ጎረምሶች አስከትሎ ቆሟል። ገመድ ይዟል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ባለፈውም ሆስፒታል ያደረሱት እንዲያ አድርገው ነው። የምንያህል የእጅ አንጓ ላይ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

«እማማ እታለም» ብላታለች ኢቲዳል፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ገንፎውን ይዛ ከመግባቷ በፊት አጥሩ ጥግ ስባት። «እናትህ ነኝ ብለው አይከራከሩት። አይደለሁምም አይበሉት። የሚሰማውን ብቻ ይጠይቁት። እኔን እሺ ብሎ ባጃጁ ላይ ከወጣ ገመድ የሚባል ነገር አያስፈልገንም።»

እታለም ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። አራት ቀን ሙሉ «እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ» ስትለው ከርማለች። ባለችው ቁጥር ፍርሃቱ ይብስበታል። ዛሬ ዋጠችው።

«ናፍቃሃለች?» አለችው።

ፊቱ ተፈታ። በሩ ላይ ተንሸራትቶ ቁጭ አለ።

«ፈርቼላት ነው። አንቺ ታሪኳን አታውቂም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ለሰፈራ ወደዚህ ሲያመጧቸው ሰባት ዓመቷ ነበር። መጠለያው ውስጥ እናቷ ውሃ ላምጣ ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። እናቴ አሁንም ድረስ መኪና በቆመ ቁጥር ማን እንደሚወርድ ታያለች።»

እታለም ይህን ከእሱ በቀር ለማንም ነግራ አታውቅም። ለሟች ባሏ እንኳ።

«አሁን ደግሞ እኔን ስታጣኝ…» አለ ጉልበቱን አቅፎ። «ሁለተኛ አትችለውም።»

እታለም ፀጉሩን ልትዳብሰው እጇን ዘረጋች፤ ሲሸማቀቅ አይታ መለሰችው።

«እንቅልፍ ካየህ ስንት ቀንህ ነው» አለችው። «ሰውነትህ አልቋል። ኢቲዳል አብራህ ልትሄድ ደጅ ቆማለች። ገመድ አያስነኩህም፤ እኔ አላስነካህም።»

ቀና ብሎ አያት።

«አንቺስ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም።»

«እንደሱ ከሆነ እሄዳለሁ።»

ተነስቶ በሩን ከፈተው። ኪዳኔ ገመዱን ከጀርባው ደብቆ መንገድ ለቀቀለት። ኢቲዳል «ና፣ መምህር» ብላ ክንዱን ይዛ ወደ ባጃጁ ስትወስደው ምንያህል ቆም አለና ዞረ።

«ካገኘሻት ግን ንገሪያት» አላት እታለምን፣ እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና። «ሆስፒታል ነው ያለው በያት። ጠፋ ብላ መንገድ ለመንገድ እንዳትንከራተት።»

«እነግራታለሁ» አለች።

ባጃጁ ተነሳ። እታለም መንገዱ ዳር ቆማ እጇን አነሳች። ምንያህል ሸራውን ገልጦ አንገቱን አወጣ፤ እሷን ግን አላየም። በትከሻዋ አሻግሮ አጥሩ ሥር በተሰበሰቡት ሴቶች መካከል፣ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየ፣ እናቱን ይፈልግ ነበር፤ ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ።