ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ

«ክቡር ዳኛ፣ ጉተማ ዲንሳ የሚባል ሰው በኛ ጣቢያ የለም። ኖሮም አያውቅም» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ፣ መቶ አለቃው። ቆቡን በብብቱ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ድምፁ ሳይርድ ነው የተናገረው።

ሎሚ እንዳትጮህ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ጉተማ ባሏ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ መሪ በሚባለው መንደር ካለው ማሳቸው ላይ ጤፍ ሲያጭድ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሄደዋል። ጥፋቱ አንድ ነው። ባለርስቱ የባሕር ዛፍ ደኑን ሲያስለካ የነሱንም እርሻ ደርቦ አስለካ፤ ጉተማም ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ለበላይ አቤት አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎሚ ስንቅ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች። ዘቡ «የለም አልኩሽ» ይላታል። ከዘቡ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጸሐፊው አስር አለቃ ወንድይራድ ይታያታል፤ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ አቀርቅሮ የሚጽፍ ሰው። ከሁሉም አብልጣ የጠላችው እሱን ነው። ዘቡስ ታዞ ነው ትላለች። ይኼኛው ግን ሰው ደጁ ላይ ሲያለቅስ ብዕሩን እንኳ አያሳርፍም።

በስድስተኛው ቀን ጭራሽ ጮኸባት። «እዚህ ምን ያመላልስሻል? አቤት የሚል ሰው የሚሄደው ፍርድ ቤት ነው!» አላት፤ ግቢው ሁሉ ሰማው። እስከ የካ ሚካኤል ድረስ እያለቀሰች ሄደች። ቅጥሩ ሥር ተቀምጣ እንባዋ ሲደርቅ ግን ጩኸቱ ወጥቶላት ቃሉ ብቻ ቀረ። ተነሥታ ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ አባይነህ ዘንድ ሄዳ አጻፈች። ዛሬ ዳኛ ፊት የቆመችው በዚያ ወረቀት ነው።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሸት አሸት አደረጉና «አለመኖሩን በምን አረጋግጣለሁ?» አሉ።

«መዝገቡ ይመስክራ!» አለ መቶ አለቃው። ፈገግ ያለም መሰላት። «የገባው የወጣው ሁሉ እሱ ላይ ነው። ጸሐፊዬም እዚሁ አለ።»

ወንድይራድ ከኋላ ካለው አግዳሚ ተነሣ። ትልቁን መዝገብ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ፊት መጣ። አለቀልኝ፣ አለች ሎሚ በልቧ።

«ከኅዳር አሥራ ሦስት ጀምረህ አንብብ» አሉ ዳኛው።

ገለጠ። ጣቱን እያስኬደ ሁለት የማታውቃቸውን ሰዎች አነበበ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ። ኅዳር አሥራ አራት ቀን። ጉተማ ዲንሳ። ዕድሜ አርባ ሁለት። የመሪ ነዋሪ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገባ። ክስ፣ የለም። ያሳሰረው፣ የጣቢያው አዛዥ። የወጣበት ቀን፣» ትንሽ አረፈና «ባዶ ነው» አለ።

«አንተ! አትመዝግበው አላልኩህም?» አለ መቶ አለቃው። ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የራሱን ቃል የሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ብለውኛል፣ ጌታዬ» አለ ወንድይራድ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ሰውዬው ግን ገብቷል። ሰው ከገባ እጽፋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነው የጻፍኩት።»

ዳኛው መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡና መስመሩን በዓይናቸው አነበቡ። ከዚያ «የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል ይላል ሕጉ» አሉ። «ይኼ ሰው ዘጠኝ ቀኑ ነው። አሁኑኑ አምጡት፤ የሚከሰስበት ነገር ከሌለ ከዚሁ ቤቱ ይገባል። እርስዎ፣ መቶ አለቃ፣ ከዚህ ክፍል አይወጡም፤ የሚመልሱልኝ ብዙ ጥያቄ አለ። መዝገቡም እኔ ዘንድ ይቀመጣል።»

ሎሚ የዚያን ቀን ጩኸት አሁን ገባት። ጩኸቱ ለአለቆቹ ነበር። ቃሉ ለሷ።

ቀትር ሳይሆን ጉተማ ተለቀቀ። ጺሙ አድጎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ፀሐዩ እያጭበረበረው ወጣ። እጅጌውን ጭብጥ አድርጋ ይዛ እየዳበሰችው ሳለ ወንድይራድ ከደረጃው ሲወርድ አየችው። ባሏን ትታ ሮጠች። ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዛት።

«ተይ እንጂ! ምን አደረግኩና!»

አማርኛው ጠፋባት። «ገለቶማ» አለች በኦሮምኛ፤ «ገለቶማ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ስጠላዎት ነበር እኮ። በየቀኑ ስረግምዎት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ እየሳቀ። «ፊትሽ ላይ ይነበብ ነበር።»

«እርስዎስ ምን ይመጣብዎት ይሆን?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ነገ ሥራ እገባለሁ። አዲስ መዝገብ ማውጣታቸው መቼም አይቀርም።» ይህን ብሎ ተሰናበታትና በእንጦጦ በኩል ያለውን ዳገት ያዘ። ታቅፎት የኖረው መዝገብ ስለሌለ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆት፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ኪሱ ይወስዳቸዋል።

ጉተማ ደረሰባት። «ማነው ሰውዬው?»

«የጻፈህ ሰው ነው» አለችው።

ጣቢያ ሲገባ ስሙን ጠይቆ የጻፈው ሰው ለጉተማ ትዝ አለው። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና፣ ዳገቱን ለሚወጣው ጀርባ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።