ሁለት ፀሐይ ያለበት አገር

«ከኋላህ! ከኋላህ መጣ፣ ዙር!» ይላል ፋሩቅ፣ ጎኔን በክርኑ እየጎሰመ።

እዞራለሁ። ስምንት እግር ያለውን ፍጡር በሰማያዊው ጨረር አቃጥለዋለሁ፤ አመዱ ቀዩ አሸዋ ላይ ይበተናል። ከላያችን ሁለት ፀሐይ አለ። የብረት ልብስ የለበስን ሁለት ወታደሮች ነን፤ ከወደቀች መርከባችን ወጥተን በእግራችን እንጓዛለን።

መካነ ሰላም ውስጥ እዚህ ጌም ቤት የሚገባው ሁሉ ኳስ ነው የሚጫወተው። ይሄን የምንጫወተው እኔና ፋሩቅ ብቻ ነን። ለተኩሱ ብዬ አይደለም፤ ተኩስማ ምን ብርቅ ነው። እኔን የያዘኝ ታሪኩ ነው። ወታደሮቹ በሬዲዮ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ይፈጥንብኛል። ፋሩቅ ግን ሳውዲ ሳለ ፈረንጅ ቤት ሠርቷልና እየሰማ ይተረጉምልኛል።

ሦስተኛ ጓደኛ ነበራቸው፣ ብሎኛል። እግሩ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ቋጥኝ ጥላ ስር አስቀመጡት። «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አላቸው። ጫማውንም አውልቆ ለአንደኛው ሰጠው፣ የእሱ ተቀዶበት ነበርና። «የብረት ልብስ ለብሶ ጫማ እንዴት ያወልቃል?» ብዬ ስቄ ነበር። «እኔ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የሚሉት» አለኝ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነዳጅ አግኝተን፣ ዞረን ሄደን እናነሳዋለን። በየቀኑ የምመጣው ለዚያ ነው። የሚጠበቅ ሰው ያለበት ጨዋታ እንደ ሌላው አይደለም፤ ዘግተኸው ብትሄድም መንገድ ላይ አብሮህ ይሄዳል።

እቤታችንም የሚጠበቅ ሰው አለ። ወንድሜ አሕመድኑር ከሁለት ዓመት በፊት ከፋሩቅ ጋር በየመን በኩል ወጣ። ፋሩቅ ሳውዲ ገብቶ ሠራ፣ ተያዘ፣ ታስሮ ተመለሰ። «ባሕሩ ዳር ተለያየን፤ እሱ በሌላ ጀልባ ነው የሄደ» አላት እናቴን። እሷም «ኢንሻአላህ ይደውላል» እያለች ስልኳን ከጉያዋ አትለይም። ፋሩቅን እንደ ልጇ ታበላዋለች።

ዛሬ ጌም ቤቱን የያዘችው የባለቤቱ እህት ትህትና ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ነው የመጣችው። ከኋላችን ቆማ ስታይ ቆይታ፣

«እናንተ፣ በዚህ ጫጫታ ምን ይሰማችኋል? ጽሑፉን ለምን አታወጡትም?» ትላለች።

«ጽሑፍ አለው እንዴ?»

«ተይው፣ ዓይን ያውካል» ይላል ፋሩቅ ፈጠን ብሎ።

«ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓይንህ የታመመው? አምጣው ወዲህ።» ጆይስቲኩን ከእጄ ትወስድና ሁለት ሦስት ቦታ ነክታ ትመልስልኛለች።

ሬዲዮው ይናገራል። ከስር ነጭ ፊደል ይደረደራል። ሲነገር የሚያመልጠኝ እንግሊዝኛ ሲጻፍ አያመልጠኝም። በሩን ክፈት። ሦስቱን ሞተር አፈንዳ። ጥይት ሙላ።

«ስለ ጓደኛቸው የቱ ጋ ነው የሚያወሩት?» እላታለሁ።

«የትኛው ጓደኛ? አስር ጊዜ ጨርሼዋለሁ እኮ። ሁለት ብቻ ናቸው። መጨረሻ ላይ ፕላኔቷን አፈንድተው ይሄዳሉ።»

«ቋጥኝ ስር የቀረ... የለም?»

«ማን ነው እንዲህ ያጃጃለህ?» ትስቃለች። ኳስ የሚጫወቱት ሲጠሯት ትታን ትሄዳለች።

ፋሩቅ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። ጠላት በሌለበት ይተኩሳል።

«ዋሽተኸኝ ነው?»

«ጨዋታ ማሳመሪያ ነው ባክህ።»

«ስድስት ወር ሙሉ? ለሌለ ሰው ስጨነቅ እያየኸኝ?» መጀመሪያ የሚያናድደኝ ያ የሌለው ወታደር ነው። «እናነሳዋለን አላልከኝም? ዞረን ሄደን...»

«ውሃው ለአንድ ሰው ነበር» ይላል ፋሩቅ።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ይቀራል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ማንም ውሃ ጠጥቶ አያውቅም።

«ያ ቋጥኝ የት ነው ያለው?»

«ከባሕሩ ወዲያ። ሁለት ቀን ከተሄደ በኋላ።»

«አሕመድኑር ነው?»

አንገቱን ይደፋል። «መርዶ እንዴት ብቻዬን ይዤ እገባለሁ? ሽማግሌ ልሰበስብ፣ በማለዳ፣ በወጉ ላደርገው ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። እነሱ ደሞ ‹ሲሞት አይተሃል?› ይሉኛል። አላየሁማ፣ ጀብሪል! ሲቀመጥ ነው ያየሁት። ወላሂ፣ ሲቀመጥ ነው ያየሁት።»

«እናም መርዶውን በጆይስቲክ አረዳኸኝ።»

«እንመለሳለን እያልኩ ስነግርህ... እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።»

ልመታው እፈልጋለሁ፤ እጄ አይነሳልኝም። የሳቅኩት በወንድሜ ጫማ ነው። ማን ተጫምቶት እንደተሻገረ አልጠይቀውም።

ስልኬ ይጠራል። እናቴ ናት።

«ጀብሪሌ፣ ከፋሩቅ ጋር ነህ?»

«አዎ፣ እማ።»

«ወሬ የለም? ከዚያ በኩል የደወለለት ሰው የለም?»

ፋሩቅን አየዋለሁ። ሽማግሌ የለኝ፤ ማለዳም አይደለም።

«ምንም የለም፣ እማ። እየተጫወትን ነው።»

«በሉ ተጫወቱ። ለምሳ ይዘኸው ና፤ ለብቻህ እንዳትመጣብኝ።»

ድምጿ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ፋሩቅ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ቆሟል፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚቆመው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።